ክቡር ጀርባ

የሞተ መሪ የሌለው አገር የለም፤ የሞተ መሪ ጠበቃ የሌለው ሰፈርም የለም። ሟቹ ሐውልት ይቁምለት፣ ሐውልቱ ይፍረስበት፣ ለውጥ የለውም። በየሕንፃው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሻይ ክበብ ስለ ሟቹ እንቅልፍ፣ ስለ ሟቹ የሆድ ሕመም፣ ስለ ሟቹ የመጨረሻ ቃል የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ሟቹን በአካል አግኝቶት አያውቅም። እንዲያውም ካገኙት ሰዎች ይልቅ በልበ ሙሉነት የሚናገረው ስላላገኘው ነው። ያገኙት ሰዎች ትንሽ ይጠራጠራሉ።

የእኛ ሕንፃ ጠበቃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ፊታቸውን ለአንባቢ ለመግለጽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። የማንም ፊት ነው፤ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ከፊታችሁ ቆሞ ዘወር ሲል የምታዩት፣ ወዲያው የምትረሱት ዓይነት። ጀርባቸው ግን ታሪካዊ ነው። ስለዚህ ክቡር ጀርባ እንላቸዋለን። በሐሜት አይደለም፤ እዚያው ፊታቸው ላይ ነው የምንጠራቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ መሪ በሞተ በዓመቱ የፊልም ፈቃድ ሰጪው ቢሮ የሟቹን ፊት ማንም ተዋናይ እንዳይጫወት የሚከለክል ደንብ አወጣ። ወዳጆቹ "ማን ይመጥናቸዋል" ብለው ደገፉት፤ ጠላቶቹ "ማን ሊያየው ይፈልጋል" ብለው ደገፉት። ሁለቱ ወገኖች በታሪካቸው የተስማሙበት ጉዳይ ይህ ብቻ ነው። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት የቀደመውን ሕግ ሁሉ ሲሽር ይህችን ደንብ ረሳት። ከሃያ ዓመት በላይ ታዲያ ሰውዬው በፊልም ላይ የሚታየው ከኋላ ብቻ ሆነ።

"ሰውዬው" የምለው ሁሉም እንዲያ ስለሚለው ነው። "ሰውዬው መጡ" ያለ ወዳጅ ነው፤ "ሰውዬው መጣ" ያለ ጠላት ነው። ክቡር ጀርባ እንደያዙት ፊልም ይለዋውጡታል። እኔ ለማሳጠር ያህል "እሱ" እላለሁ፤ ቅሬታ ያለው ለአዘጋጁ ይጻፍ።

ክቡር ጀርባ የተገኙት ሥራ ላይ ሳሉ ነው። አንድ የፊልም ድርጅት ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብለው ቆጣሪ አነበቡ፤ ቀና አሉ፤ ቁጥሩን እንዳይረሱ እያነበነቡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። በር ላይ የነበረው ዘበኛ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። ዘበኛው በወጣትነቱ የሰውዬው አጃቢ ነበር። ሰላምታውን ከሰጠ በኋላ ነው ሰውዬው ከሞተ አራት ዓመት እንዳለፈው ትዝ ያለው፤ ተመልሶ ተቀምጦ ውኃ ጠየቀ። አንድ ዳይሬክተር ይህን ሁሉ ከመስኮት ያይ ነበር። በሳምንቱ ክቡር ጀርባ ካፖርት ተሰፋላቸው። ቆጣሪው የዚያን ወር ስንት ላይ እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የመጀመሪያው ፊልም የውዳሴ ነበር። ክቡር ጀርባ አዲስ ድልድይ ላይ ቆመው ወንዙን ያያሉ፤ ነፋስ የካፖርታቸውን ጫፍ ያነሳል፤ ሕፃናት ይዘምራሉ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠና የእርግማን ፊልም ተሠራ። ያው ጀርባ፣ ያው ካፖርት ነው፤ መብራቱ ብቻ ከሥር መጣ፣ በሕፃናቱ ቦታ ከበሮ ገባ። ዳይሬክተሩ "ትንሽ ጨከን ይበሉ" አሏቸው። ጀርባ እንዴት ነው የሚጨክነው ብለው ሲጠይቁ ግራ ትከሻቸውን በሁለት ጣት ከፍ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የሰውዬውን ውርስ በተመለከተ ሊቃውንቱ ወፋፍራም መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ክቡር ጀርባ ግን ነገሩ ሁለት ጣት ነው ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አያካብዱትም።

ሦስተኛው ሃያ አራት ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ድራማ ነበር፤ ሰውዬው በፍቅር ወድቋል። ክቡር ጀርባ በሌሊት ልብስ ሆነው ከአንዲት ቆንጆ ተዋናይት ጋር መስኮት ላይ ይቆማሉ። ፖስታ ቤት የሚሠሩት ባለቤታቸው አንድ ሳምንት ዘጓቸው። ክቡር ጀርባ ያቀረቡት መከላከያ ተዋናይቷን ጨርሶ እንዳላዩአት ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ቀጥሎ አንድ የፍራሽ ፋብሪካ ለማስታወቂያ ጠየቃቸው። ታሪክ ፍራሽ አይሸጥም ብለው መለሱት። ባለቤታቸው ለዚህኛው ደግሞ ሁለት ሳምንት ዘጓቸው፤ አልጋቸው ጎርብጧቸው ነበር።

ሥራው ጀርባ መሆን ብቻ ቢሆን ኖሮ በተቻቻልን ነበር። ችግሩ እውቀቱ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ሰውዬው ከኋላ የተቀረጸበትን የድሮ ዜና ሁሉ ሰብስበው ሰጧቸው፤ እሳቸው መቶ ጊዜ አዩት። ቀኝ እጁ የግራ እጁን አንጓ እንደሚይዝ እንጂ ግራው ቀኙን እንደማይዝ ያውቃሉ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ግን ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ድመት እንደሚፈራ፣ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ጦርነቱን ይጨርሰው እንደነበር ያውቁ ጀመር። በምን አወቁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ከአቋሙ ያስታውቃል።"

የሕንፃው ሊፍት ሲበላሽ ሰውዬው ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ነግረውናል። የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ስትፋታም ነግረዋታል። ፀጉር አስተካካያችን ማጅራታቸውን ከመንካቱ በፊት ከመሳቢያ ፎቶ አውጥቶ ያመሳክራል። አንድ ጊዜ ተተኪው ሳያውቅ ላጫቸውና ቀረጻ አሥራ አንድ ቀን ቆመ፤ መጨረሻ ላይ ባርኔጣ አድርገው ተቀረጹ። ፊልሙ ሲወጣ ሁለት ምሁራን በምሠራበት ጋዜጣ ላይ ባርኔጣው የትሕትና ምልክት ነው፣ የለም የትዕቢት ነው ተባብለው ለአንድ ወር ተከራከሩ። ምክንያቱን አውቅ ነበር። አልተናገርኩም፤ ገጹ መሙላት ነበረበት።

ሲኒማ ቤት ሲገቡ የፊት ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ እንዲያመሳክር። መብራቱ ሲበራ ግን ዘወር ብለው ሰውን ያያሉ፣ ማንም አያያቸውም። እኅታቸው ከሌላ ከተማ ድረስ መጥታ አንዱን ፊልም ካየች በኋላ "የቱ ጋ ነበርክ?" አለቻቸው። ያን ቀን እራት አልበሉም። ከዚህ ሁሉ ዝና በታች የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀርባቸውን ካየ ሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ መዞር።

ዕድሉ ባለፈው ዓመት መጣ። ደንቡ ተነሳ። አንዲት ወጣት ዳይሬክተር፣ ማዳመጫ ከአንገቷ የማይለያት፣ ሰውዬውን ከነፊቱ የሚያሳይ ፊልም ጀመረች፤ ስመ ጥር ተዋናይም ቀጠረች። አንዱ ወገን ተዋናዩን ክፉ አድርገህ ብትጫወተው ብሎ በስልክ አስፈራራው፤ ሌላው ደግ አድርገህ ብትጫወተው ብሎ አስፈራራው። ተዋናዩ መካከለኛ አድርጎ ሊጫወተው ማሰቡን ለመጽሔት ተናገረ። ሁለቱም ደወሉ። በነጋታው ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ተወው። ሌላ የሚደፍር ተዋናይ ታጣ። ዳይሬክተሯ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ ክቡር ጀርባን እርስዎንስ አስፈራርተዋቸው ያውቃሉ ወይ አለቻቸው። መልካቸውን የሚያውቅ ስለሌለ ማን ይደውላል። ተስማሙ።

ፊት የሚታይበት ትዕይንት አንድ ብቻ ነበር። አራት መምህራን አቤቱታ ይዘው ወደ ሰውዬው ቢሮ ይገባሉ። እሱ መስኮት ላይ ቆሟል። ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ፊቱ ካሜራውን ይሞላል፤ ስድስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ መምህራኑ ወደ እስር ቤት ይወሰዳሉ። ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ግሩም ነበሩ። ወዳጅ ሲሰማቸው አርቆ አሳቢ፣ ጠላት ሲሰማቸው አረመኔ እንዲመስል ተደርገው ተጽፈዋል። ክቡር ጀርባ ደረጃው ላይ ድምፅ ያስተጋባል ብለው እዚያ ያጠኑ ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕንፃው በሙሉ ቃል በቃል ሸመደደው። የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ እሳቸው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲሰናከሉ ከውስጥ ሆና ትቀጥልላቸዋለች።

አሁን አማታቸውን ላስተዋውቅ። መምህሩ እንላቸዋለን፤ የባለቤታቸው አባት ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የጂኦግራፊ መምህር። አሥራ ሁለት ዓመት አብረዋቸው ኖረዋል። በሰውዬው ዘመን ሦስት ዓመት ታስረዋል፤ ይህን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ልጃቸው ማዕድ ላይ የሰውዬው ነገር እንዳይነሳ አጥብቀው ከልክለዋል። መምህሩ ክልከላውን የሚጥሱት ድራማው ሲታይ ብቻ ነበር፤ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩና "ክቡር ሆይ፣ ጨው አቀብለኝ" ይሉ ነበር። ለምን እንደታሰሩ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ክቡር ጀርባ ሁሉን ስለሚያውቁ አልጠየቁም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሰው በመጠየቅ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ገባሁ። ክቡር ጀርባ ካፖርታቸውን ለብሰው በረንዳው ፊት ቆመዋል። ባለቤታቸው ሸሚዝ ይተኩሳሉ። መምህሩ ጋዜጣ ያነባሉ። ክቡር ጀርባ ዞረው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ መምህሩ ጋዜጣውን አጠፉ።

"እነማን ናቸው የገቡበት?" አሉ።

"መምህራን ናቸው አባባ። አራት መምህራን።"

"እስቲ ከመጀመሪያው አሳየኝ።"

ክቡር ጀርባ እንዲህ ያለ ተመልካች አግኝተው አያውቁም። ተመልሰው ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸው የግራቸውን አንጓ ያዘ፤ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ስድስቱንም ሳይሰናከሉ አሉ። ከምሬ ነው፣ ጥሩ ነበሩ። የማንም የነበረው ፊት ለአንድ ደቂቃ የአንድ ሰው ሆነ።

"አልዞረም" አሉ መምህሩ።

"አባባ፣ ከአቋሙ እንደሚያስታውቀው..."

"አልዞረም አልኩህ። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ።"

ባለቤታቸው ካውያውን አቁመው ሶኬቱን ነቀሉ። መምህሩ ካርታ እንደሚያስረዱ ሆነው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነገሩን። ክፍሉ ከበሩ እስከ መስኮቱ አሥራ አራት እርምጃ ይሆናል። እነሱ ስምንተኛው ላይ እንዲቆሙ ተደረገ። ሃያ ደቂቃ ቆሙ። ከሰውዬው ኮሌታ ላይ አንድ ክር ተመዝዞ ወጥቶ ነበር፤ መምህሩ ሃያውን ደቂቃ ሙሉ የሚያዩት ክሩን ነበር። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ አቤቱታውን አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ሰውዬው ከኋላው ካጣመረው እጁ አንዷን ጣት ብድግ አደረገ። በሩ ተከፈተ፤ ወሰዷቸው። አቤቱታውን ያነበበው ሰው ከእስር ቤት አልወጣም።

"ቃል አልተናገረም" አሉ መምህሩ። "እንዲህ ያለ ንግግር አድርጎልን ቢሆን ኖሮ እንኳ ደግ። ስትታሰር የምታስበው ታገኛለህ። ፊቱን እኔ የማውቀው ከጋዜጣ ነው።"

"አባዬ፣ ይኼን ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም" አሉ ልጃቸው።

መምህሩ ወደ አማቻቸው ዞሩ። "አንተ ግን ዙር። የኔን ነገር ተወው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀሃል፤ ፊልም ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም። ቆንጆ አድርገህ ነው የምትለው።" ጋዜጣቸውንም መልሰው ገለጡ።

እኔ መሰላሉን አስቀምጬ ወጣሁ። ደረጃው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ታመው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ ቀረጻ ነበር። ክቡር ጀርባ አብሬአቸው እንድሄድ ለመኑኝ፤ ፊታቸው የሚታይበትን ቀን የሚያይ ሰው ይኑር ብለው ነው መሰለኝ። ቦታው የአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ መጋረጃና ትልቅ ጠረጴዛ አስገብተው ቢሮ አስመስለውታል። አራቱ ተዋናዮች ወረቀት ይዘው ቆሙ። ክቡር ጀርባ መስኮቱ ላይ ቆሙ። ዳይሬክተሯ አስጀመረች። ትልቁ መምህር አነበበ፤ ጨረሰ። መዞር ያለባቸው ጊዜ ደረሰ። አልዞሩም።

የረሱ መሰላት። እንደገና ተቀረጸ፤ አልዞሩም። ሦስተኛው ላይ የፊልሙ ባለሀብት ከተቀመጡበት ተነስተው እኚህ ሰው ደንቁረዋል እንዴ አሉ። ዳይሬክተሯ መስኮቱ ድረስ ሄደች። ክቡር ጀርባ እንደ ልማዳቸው ማስረዳት ጀመሩ፤ ስለ ክብደት አጣጣል፣ ስለ ዜናው ፊልም፣ ስለ እጅ አንጓ። ረዘመ። መብራት ያዦቹ ተቀመጡ። እሷም ትዕግሥቷ አለቀና አንድ ቃል በቀጥታ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው።

"አማቴ ከእነዚህ አራቱ አንዱ ነበሩ" አሉ። "አልዞረላቸውም። እኔ ለካሜራ ብዬ አልዞርም።"

"ካልዞሩ እኮ ፊትዎ የትም አይታይም። ሌላ ትዕይንት የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

ዳይሬክተሯ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አወረደች። ስለ ክፍሉ ጠየቀቻቸው፤ ስለ ስምንተኛው እርምጃ፣ ስለ ሰውዬው ጣት፣ ስለ ክሩ ነገሯት። አልባሳት ኃላፊዋ መጥታ ከኮሌታቸው ላይ አንድ ክር መዘዘች። ባለሀብቱ ተቆጥተው ወጡ። ካሜራው ከመስኮቱ ተነስቶ ዞሮ ከመምህራኑ ኋላ ቆመ። ክቡር ጀርባ መስኮቱ ላይ ተመልሰው ቆሙ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ነገር በቀረጻ አይቻለሁ፣ ያቺ ጣት ስትነሳ ግን ብዕሬን ከኪሴ አላወጣሁም። ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ተቆርጠው ወደቁ። ሕንፃችን ብቻ ነው ዛሬ በቃሉ የሚያውቃቸው።

ፊልሙ ወጣ። ወዳጆቹ ሰውዬውን ዲዳ አድርጎ አዋረደው አሉ፤ ጠላቶቹ ፊቱን ደብቆ አዳነው አሉ። ሁለቱም ወደ ጋዜጣው ጻፉ። ተዋናዮቹ በተዘረዘሩበት ጽሑፍ ላይ ክቡር ጀርባ ከመጨረሻው ሦስተኛው ናቸው፤ ከእሳቸው በታች ያሉት ሹፌሩና ውሻው ናቸው።

መምህሩ ሊያዩት ፈለጉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አራታችን ሄድን። ትዕይንቱ ሲመጣ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ አደረጉት። ሲወጣ ሰው ይገፋፋል፤ ክቡር ጀርባን ማንም አላወቃቸውም፤ አንዷ እንዲያውም እግራቸውን ረግጣ አለፈች። ደጁ ላይ ካሉት ደረጃዎች አንዱ ላይ መምህሩ ቆሙና የአማቻቸውን ክንድ ያዙ።

"አንተ ስለሱ የማታውቀው የለም" አሉ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። አቤቱታውን ከወር በፊት በፖስታ ልከንለት ነበር። ታስሬ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስብ የነበረው ይህን ነው። ከፍቶ አንብቦት ነበር? ወይስ እዚያው ነው የሰማው?"

ባለቤታቸው ባላቸውን አዩ። እኔም አየሁ። መልስ ነበራቸው፤ ሁልጊዜ አላቸው፤ ስለ ስኳሩም ስለ ጦርነቱም ነበራቸው።

"አላውቅም አባባ።"

"እኔም" አሉ መምህሩ። ክንዳቸውን ሳይለቁ መውረድ ጀመሩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳውቃቸው ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻዬም ሳይሆን አይቀርም። ፌርማታው ላይ ስንደርስ ወደ ልማዳቸው ተመልሰው ነበርና። የሚቀጥለው አውቶቡስ በየት በኩል እንደሚያዞር፣ ሾፌሮቹ ለምን ይህን እንደማይናገሩ፣ የትኛውን ብንይዝ በአሥር ደቂቃ ቤታችን እንደምንገባ ያስረዱን ጀመር። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እሳቸው ያሉት አውቶቡስ መጣ። የተሳሳተ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው የሚሄደው። ተከትያቸው ተሳፈርኩ።